አልቦ የሚሏት ቀዳዳ

ከኋላዋ ሽቦ የሌላት ቀዳዳ ሰው ልትገድል ትችላለች?

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ሃይለ ሚካኤል ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ ደምበጫን አልፎ፣ ፍኖተ ሰላም እስኪገባ ድረስ ይህን ጥያቄ ሲያገላብጥ መጣ፤ መልስ ግን አላገኘለትም። የተነገረው ነገር አጭር ነበር። ደረሰ የሚባለው የስልክ ቤቱ የመስመር ሠራተኛ ከስልክ እንጨት ላይ ወድቆ ሞቷል። ገዳይ የተባለችው ቴሌፎኒስቷ እናትነሽ ናት። የገደለችበት መሣሪያ ደግሞ በማዞሪያው ሰሌዳ ላይ ያለች፣ ከማንም ቤት ጋር ያልተያያዘች አንዲት ቀዳዳ ናት።

ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ ፲፱፻፷፪ ነበር። ከተማው ፈርቷል። ገበያተኛው የስልክ ሽቦ በራሱ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ሲደርስ አህያውን እየገረፈ ይሮጣል። ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ጠላ ሻጭ የፊት በሯን ዘግታ በጓሮ በኩል ማስገባት ጀምራለች። «ሽቦው ስም ይጠራል፤ የተጠራ አይመለስም» ይባላል። ሃይለ ሚካኤል የደምበጫ ልጅ ነውና ይህን ሲሰማ ሊስቅ አልቻለም። ባሕር ማዶ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ሁሉ ነገር ምክንያት እንዳለው ተምሮ ተመልሷል። ከተመለሰ ወዲህ ግን የተማረውንም ሙሉ በሙሉ አያምን፣ ያደገበትንም ሙሉ በሙሉ አይክድ፤ በሁለቱ መካከል እንቅልፍ አጥቶ የሚኖር ሰው ሆኖ ነበር።

አሥር አለቃ ሀይሉ፣ የከተማው ፖሊስ፣ ቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደው። የደረሰ እናት ከማንኩሳ መጥታ ደጅ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሬሳው ለቀብር ይሰጠኝ ትላለች። ሻምበሉ አንሶላውን ገለጠ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። በእግሮቹ ላይ እንጨት መውጫው ብረት በጠፍር ታስሯል። ሻምበሉ ግን ረጅም ጊዜ ያየው እጆቹን ነበር። እስከ ክርናቸው ድረስ ቀይ የጭቃ አፈር ደርቆባቸዋል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ሳይቀር ተጠቅጥቋል።

«ከእንጨት ላይ ነው ወደቀ የተባለው?» ሲል ጠየቀ።

«አዎን ጌታዬ። ሽቦ ሲቀጥል።»

«ሰማይ ላይ ጭቃ አለ እንዴ?»

አሥር አለቃው ሊስቅ ከጀለና ሬሳውን አይቶ ተወው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናትነሽ ነገ ረፋድ ላይ በሚያልፈው አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ እንድትወርድ ትእዛዝ መምጣቱን ነገረው። ሕዝቡ በከተማዋ ውስጥ ሊያያት አይፈልግም። ከወረደች ደግሞ የነፍስ ግድያ ክስ ነው የሚጠብቃት፤ የስቅላት ገመድ ሳይቀር ሊመጣ ይችላል። ሻምበሉ ያለው ጊዜ እስከዚያ አውቶቡስ ድረስ ብቻ ነበር።

የስልክ ቤቱ ሹም አቶ ዓለምነህ በር ላይ ተቀበለው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ባለቤቱ ማንጠግቦሽ ሰኔ ላይ እናቷን ልትጠይቅ ላስታ እንደሄደች፣ ስለዚህ ቤቱ እንግዳ ለመቀበል እንደማይመች ነግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ማዞሪያው ሰሌዳ አስገባው። በሰሌዳው ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዷ ጀርባ አንድ ሽቦ ተነሥቶ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። ቴሌፎኒስቷ መሰኪያውን በተፈለገው ሰው ቀዳዳ ሰክታ እጀታውን ስታዞር በዚያ ቤት ደወል ይደወላል። ከሰሌዳው ጎን ቀይ ክዳን ያለው አንድ ጥቁር ሳጥን ተሰቅሏል።

«ይኸ ስሕተት ፈላጊ ነው» አለ ዓለምነህ። «ከዋናው መሥሪያ ቤት በቅርቡ የመጣ። ድሮ ቴሌፎኒስት ተሳስታ ሽቦ በሌለው ቀዳዳ ላይ ሰክታ ስታዞር ጥሪው እዚያው ይባክን ነበር። የሚጠራው ሰው የለም፤ ደዋዩ ግን ‹ሃሎ፣ ሃሎ› ሲል ይውላል። አሁን ሳጥኑ እዚያ ማንም እንደሌለ ያውቃል። ይጮኻል፣ ቀዩን ክዳን ይጥላል። ክዳኑ በእጅ ካልተመለሰ አይነሣም።»

«ማወቁን በምን ታውቃላችሁ?»

«ሆን ብለን በመሳሳት ነዋ። ስሕተት ፈላጊ የሚፈተነው በስሕተት ነው። ለዚሁ ብለን አንዲት ቀዳዳ ባዶ አድርገን ትተናል። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በግዕዝ አልቦ በሏት ብለው ስም አወጡላት። የለም፣ ምንም ማለት ነው አሉን። የቡሬው ቴሌፎኒስት ሐብቴ ደውሎ ‹አልቦን አገናኙኝ› ይላል፤ እናትነሽ ሰክታ ታዞራለች፤ ሳጥኑ መጮኽ አለበት።»

«ትናንትናስ?»

ዓለምነህ ሲናገር ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ አላነሣም። ደረሰ በግቢው ጓሮ ካለው እንጨት የሚመጣውን ሽቦ ጠዋት ላይ ከአልቦ ጀርባ ጋር አያይዞት ኖሯል፤ ለእናትነሽም ነግሯታል። እሷ ግን በመስቀል ሰሞን ከተጣሉ ወዲህ ቂም ይዛበት ነበር። ደረሰ እንጨቱ ላይ ሆኖ ሽቦውን እንደጨበጠ ስታውቅ፣ ሆን ብላ እጀታውን አዞረች።

«አጠገቧ ቆሜ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ጓሮ ውስጥ ዱብ ሲል ሰማሁ፤ እንጨት መስሎኝ። እሷ ግን አላቆመችም፤ ሦስት ጊዜ አዞረች። ሳጥኑ ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለ።»

«አንዴም አልጮኸም?»

«አንዴም። እዚያኛው ጫፍ ላይ ሰው ነበረ ማለት ነው። ሳጥኑ አይዋሽም ሻምበል።»

ሃይለ ሚካኤል ከሰሌዳው ጀርባ ዞሮ አየ። በእርግጥም ከአልቦ ጀርባ ሽቦ ተቋጥሯል። ወደ ጓሮ ወጣ። እንጨቱ አርጅቶ ሥሩ በስብሷል፤ ሊተካው የመጣው አዲስ እንጨት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ዲጅኖውም አጠገቡ ነው። አዲሱ እንጨት የሚተከልበት ጉድጓድ ግን የለም። በአጥሩ ጥግ በአዲስ የተደለደለ አፈር ላይ ሦስት የጌሾ ችግኞች ተተክለው ጠውልገዋል።

«ደረሰ ጉድጓድ አልጀመረም ነበር?»

«የማይሆን ቦታ ጀምሮ አስደፈንኩት። ጌሾ ተከልኩበት፤ ማንጠግቦሽ ስትመለስ ደስ ይላታል ብዬ።»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ የጠወለገውን ቅጠል ነካ። ክረምት ከወጣ በኋላ ጌሾ የሚተክል ሰው በጎጃም ምድር አይቶ አያውቅም። ግን የሸዋ ሰው ነው፤ የከተማ ሰው ነው፤ ላያውቅ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የጠረጠረ ሁሉ ግን ልክ አይሆንም፤ እሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እናትነሽ በፖሊስ ጣቢያው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች። ስለ ጠቡ ሲጠይቃት አልደበቀችም። ደረሰ በመስቀል ድግስ ላይ ሽማግሌ ልላክ ሲላት፣ «እንጨት ላይ የሚውል ባል ከዝንጀሮ በምን ይለያል?» ብላ በሰው ፊት አስቃበታለች። እሱም ስቋል። በማግሥቱ ከእንጨት ላይ ሆኖ እንደ ዝንጀሮ እየጮኸ አስደንግጧት ነበር። ጠብ የተባለው ይኸው ነው።

«ሳጥኑ ጮኾ ነበር?»

«ጮኾ ነበር ጌታዬ። ሦስት ጊዜ። ክዳኑን በየመካከሉ የመለሰው ራሱ ጋሼ ዓለምነህ ነው።» ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «ፈተናውም ለዛሬ ነበር የተቀጠረው። እሱ ትናንት እያለከለከ ገብቶ ‹አሁኑኑ ይሁን› አለኝ። የሽቦውንም ነገር ደረሰ አልነገረኝም። ግን… ሁሉም ሰው ሳጥኑ አልጮኸም ሲለኝ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። በእርግጥ ሰምቼ ይሆን? ሳላውቀው ገድዬው ይሆን?»

ሃይለ ሚካኤል ያን አነጋገር ያውቀዋል። ሰው እውነቱን እንኳ በብዙ አፍ ሲካድበት ከገዛ ጆሮው ጋር ይጣላል። ሊያጽናናት ግን አልደፈረም፤ እሱም ገና አያውቅምና። በምትኩ ደረሰ አልቦን ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር ጠየቃት።

«‹ባዶዋ› ነበር የሚላት። ‹እኔ የግዕዝ ቀዳዳ አላውቅም› እያለ በየኔታ ይቀልድ ነበር።»

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከስልክ ቤቱ በላይ ባለው ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ጭራቸውን እያወዛወዙ ሻምበሉን ከዛፍ ሥር ተቀበሉት። ደረሰን ወድቆ ያገኙት እሳቸው ናቸው። በአጥሩ ቀዳዳ አይተውት ገቡ፤ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ጆሮዬን ከአፉ አስጠጋሁ። ‹አልቦ… አልቦ…› አለኝ። ሁለቴ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ጮኼ ሰው ጠራሁ። ሁሉም ሮጦ መጣ፤ ዓለምነህ ብቻ ደብረ ማርቆስ ልደውል ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ።» አንገታቸውን ደፉ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምንም ለሆነ ነገር ስም ስሰጥ ነፍስ የምሰጠው አልመሰለኝም። ከትናንት ወዲህ ውዳሴ ማርያም እንኳ በአፌ አልዘልቅ ብሎኛል።»

«የኔታ፣ ደረሰ ግዕዝ ያውቅ ነበር?»

«ኧረ እሱ! አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ በቅጡ አይዘልቃት።»

«ታዲያ በሞት አፋፍ ላይ ግዕዝ ለምን ተናገረ?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩት።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሻምበሉ ቡሬ ደርሶ ሐብቴን አገኘው። ሐብቴ ጨዋታ ወዳድ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነው። ዛሬ ግን ሳቁ በመሐል እየተበጠሰ ነበር። ደውሎ አልቦን መጠየቁን፣ እናትነሽም ስትሰካ መሳቋን አመነ። በስልኩ ውስጥ የሳጥኑን ደወል ሰምቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን፣

«ስልክ ቤት ውስጥ ደወል ሰማህ ወይ ይባላል ጌታዬ? ዓባይ ዳር ቆመህ ውሃ ሰማህ ወይ እንደማለት እኮ ነው» አለ።

«ሰማህ ወይስ አልሰማህም?»

«ልጆች አሉኝ» አለ ሐብቴ፤ ጥያቄው እርሱ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሻምበሉ አልገፋበትም። ጠዋት ፍኖተ ሰላም እንዲመጣ ብቻ አዘዘው።

በማግሥቱ ማለዳ ሁሉም በስልክ ቤቱ ጓሮ ተሰበሰቡ። ዓለምነህና መሪጌታ ከእንጨቱ ሥር ቆሙ፤ ሐብቴ ራቅ ብሎ አጥሩን ተደገፈ። እናትነሽ በሰሌዳዋ ፊት ተቀመጠች፤ አሥር አለቃ ሀይሉ ከኋላዋ ቆመ። የሳጥኑ ድምፅ ወደ ጓሮ እንዲሰማ መስኮቱ ተከፈተ። ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ሻምበሉ የመውጫውን ብረት በእግሩ ሲያስር ሲያይ ያማትብ ጀመር።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ዓለምነህ።

«ደረሰን ልሆን ነው» አለ ሃይለ ሚካኤል።

ወጣ። እንጨቱ ከሥሩ ተወዛወዘ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ራሱን በቀበቶ አሰረ። ይህ ሽቦ አይገድልም፤ ይነዝራል እንጂ አይገድልም ብሎ የተማረው አለ። ቃሉን ግን ያነበበው በቀዝቃዛ አገር፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እዚህ በበሰበሰ እንጨት ላይ፣ ሰው በሞተበት ቦታ፣ ቃሉ ቀለለበት። ብሳሳትስ? ብሎ አሰበ። ብሳሳት ልጅቷ ሁለተኛ ሰው ገደለች ይባላል። በአንድ እጁ መብረቅን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ ያዘ፤ በሌላው የአልቦን ሽቦ ጨበጠ።

«አዙሪ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ንዝረቱ ከእጁ ተነሥቶ በደረቱ አለፈና ጥርሱን አጋጨው። ሳያስበው እጁ ተፈነጠረ፤ እግሩ ከእንጨቱ ለቀቀ፤ ቀበቶው ብቻ ይዞት ቀረ። ከአጥሩ ውጭ ዋይታ ተሰማ። ሳጥኑ ግን ዝም ብሏል።

ዓለምነህ ፊቱ ፈካ። «አላልኩም? ዝም አለ።»

ሻምበሉ ትንፋሹን ሰብስቦ እግሩን መለሰ። ሽቦውን ግን አልነካም። «እንደገና አዙሪ።»

ሳጥኑ ጮኸ። ጩኸቱ በመስኮቱ ወጥቶ ግቢውን ሞላው፤ መሪጌታ ሳይወዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አሥር አለቃው ክዳኑን መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስትዞር እንደገና ጮኸ።

ሃይለ ሚካኤል ወርዶ የመውጫውን ብረት ከእግሩ ፈታ። ከዚያ በዝግታ መናገር ጀመረ።

«አቶ ዓለምነህ፣ ሳጥኑ አይዋሽም ብለውኝ ነበር። እውነት ነው። ሰው ሽቦውን ሲይዝ ዝም ይላል፤ ማንም ካልያዘው ይጮኻል። ደረሰ የወደቀው በየትኛው ዙር ነበር ያሉኝ?»

«በመጀመሪያው። ነግሬዎታለሁ።»

«ከወደቀ በኋላ ሽቦው በማን እጅ ነበር?»

ዓለምነህ ወደ እንጨቱ ጫፍ ቀና አለ።

«በማንም» አለ ሻምበሉ። «ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ሳጥኑ መጮኽ ነበረበት፤ አሁን እንደሰማችሁት። እርስዎ ግን አንዴም አልጮኸም ብለውኛል። ደረሰ ወድቆ እንኳ ሽቦውን በሰማይ ላይ ይዞ ነበር ማለት ነው? ይቺ ልጅ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጮኸ አለች። ሦስት ጊዜ የሚጮኸው ከመጀመሪያውም ማንም ሳይዘው ሲቀር ነው። ደረሰ እንጨቱ ላይ አልነበረም።»

«ልጅቷ ነፍሷን ለማዳን ነው የምትዋሸው።»

«እሷ ብቻ አይደለችም» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። ሐብቴ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ ይጠመዝዛል። «እኔም ሰምቻለሁ። ሦስቱንም። አቶ ዓለምነህ ያን ዕለት ማታ ደውለው ‹አልሰማህም› አሉኝ፤ አልሰማሁም አልኩ። ይቅር በይኝ እናትነሽ፤ እንጀራዬ ነው ብዬ።»

በመስኮቱ ውስጥ እናትነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሲቃዋ እስከ ጓሮ ተሰማ፤ ጆሮዋ እንዳልዋሻት አሁን ገና ማወቋ ነበር።

ሻምበሉ ቀጠለ። «ታዲያ ከአልቦ ጀርባ ሽቦውን ማን አሰረው? ሰዉ ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሮጥ አንድ ሰው ብቻ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ፈተናው ለምን በአንድ ቀን ቀደመ? እጀታው መዞሩን ከቡሬ የሚመሰክር ሰው እንዲኖር ነው። የደረሰ እጅስ? ሽቦ የሚቀጥል ሰው እስከ ክርኑ ጭቃ አይነካውም። ደረሰ በሞተበት ሰዓት ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሶ በእጁ አፈር እየዛቀ ነበር። ዲጅኖ እያለለት በእጁ ለምን ዛቀ? ዲጅኖ ሊሰብረው የሚችል ነገር ስላየ ነው።»

ሃይለ ሚካኤል ወደ መሪጌታ ዞረ።

«የኔታ፣ ‹አልቦ› ሲልዎ እርስዎ የሰሙት ራስዎ ያወጡትን ስም ነው። ደረሰ ግን ያቺን ቀዳዳ አንድ ቀን እንኳ አልቦ ብሏት አያውቅም፤ ባዶዋ ነው የሚላት። አንድ ያልተማረ ያገር ልጅ አልቦ ሲል ምን ማለቱ ነው?»

መሪጌታ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ጭራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«የእግር ጌጥ» አሉ በሹክሹክታ። «ሴት ቁርጭምጭሚቷ ላይ የምታጠልቀው ብር… ወይ እኔ! ዕድሜ ልኬን ተማሪ ሰምና ወርቅ ለዩ እላለሁ፤ ሰው እየሞተ በግልጽ ሲነግረኝ ሰሙን ጥዬ የገዛ ወርቄን ሰማሁ።»

«እኛም ሁላችን እርስዎን ተከትለን ምንም ወደሌለበት ሄድን» አለ ሻምበሉ። «ደረሰ ግን የነገረዎ ያየውን ነው። አልቦ አየ። በእግር ላይ ያለ አልቦ።»

ዓለምነህ በተጋደመው እንጨት ላይ ተቀመጠ። የተቀመጠው ማንም ሳያዘው ነው። ሻምበሉ አሥር አለቃውን ጠርቶ የጠወለጉትን ጌሾዎች አሳየው። ሀይሉ ዲጅኖውን አንሥቶ ሊሰነዝር ሲል ሹሙ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንግዳን መንገድ እንደሚያሳይ ሆኖ፣ ተናገረ።

«ከዚያ በኩል አይሁን። ፊቷ በዚያ በኩል ነው።»

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ይህን ሰምቶ ወደ አጥሩ ተጠጋ። በእጃቸው ቆፈሩ። መጀመሪያ የወጣው በቀይ አፈር የተለወሰ የብር አልቦ ነበር፤ ማንጠግቦሽ ላስታ አልሄደችም። ትቼህ እሄዳለሁ ስላለችው ሰኔ ላይ አንድ ቀን ገፍቷት ግድግዳ ላይ ወድቃ መሞቷን፣ ደረሰ ደግሞ ያልታዘዘበት ቦታ ቆፍሮ አልቦውን ይዞ «ጋሼ፣ ይኸ የእትዬ አይደለም?» ሲለው ዲጅኖውን ማንሣቱን ዓለምነህ ያለ እንባ ተናገረ። የሞተ መስሎት ብረቱን በእግሩ አስሮ ከእንጨቱ ሥር ጎተተው፤ ጉድጓዱን ደፍኖ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ጌሾውን የተከለበት ማታ ነበር።

አውቶቡሱ ሲመጣ ካቴና የገባለት ዓለምነህ ወጣበት።

ከመሄዱ በፊት ግን መሪጌታ ቀርበው አንድ ነገር ጠየቁት። ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይደረስም፤ ማንጠግቦሽ የዓለም ስሟ ነው። ዓለምነህ ዓይኑን ወደ ካቴናው ጣለ። አፍሮ መሆኑ ግልጽ ነበር፤ እሷን ከመግደሉ ይልቅ በዚህ ያፈረ ይመስል ነበር።

«ጠይቄያት አላውቅም» አለ።

እናትነሽ የዚያኑ ቀን ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሻምበሉ ጥቂት ዕረፊ ቢላት እሺ አላለችም። መሰኪያውን አንሥታ፣ ከደሴው ቴሌፎኒስት ጋር ተገናኝታ፣ በላስታ ገጠር ለሚኖሩ ለማንጠግቦሽ እናት የሚደርስ መልእክት አስጻፈች። ሞቷን እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አቋረጠች። በመጨረሻ ያስለቀሳት የአሟሟቷ ነገር ሳይገባበት የተላከው ይህ ነበር፦ «ልጅዎ ማንጠግቦሽ በፍኖተ ሰላም ዐርፋለች። በክብር እንቀብራታለን። ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ይላኩልን።»

ከደሴ መልእክቱ መድረሱን፣ ወደ ገጠሩ የሚወጣ ሰው ተገኝቶ መላኩን አረጋገጡላት። ቀብሩ ሊጠበቅ አልቻለም። መሪጌታ ስሙ የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን ቆም እያደረጉ፣ ባዶውን ዘለው ጸለዩ፤ ስሙ ሲመጣ ፍትሐቱን እንደገና እደርሳለሁ ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ።

ኅዳር ላይ ሃይለ ሚካኤል ከደብረ ማርቆስ ደወለ። ስለ ክሱ ጥቂት ካወራ በኋላ፣ የደወለበትን ነገር መጨረሻ ላይ ጠየቀ።

«ከላስታ የመጣ ነገር አለ?»

«ገና ነው ጌታዬ» አለች እናትነሽ።

በታኅሣሥም ደወለ፤ በጥርም ደወለ። መሪጌታም ከቅዳሴ ሲወጡ በስልክ ቤቱ መስኮት ብቅ እያሉ ያዩዋታል፤ እሷም በአሉታ ራሷን ትነቀንቃለች። መልስ አልመጣም።